የማይምለው ምስክር

«የዚያን ሰውዬ ቃል አንሰማም ብለዋል» አለ ኢብራሂም በስልኩ። «ሃይማኖት የለውማ! ማንን ፈርቶ እውነት ይናገራል? እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልሰማውም።»

ሀዋ ይህን የሰማችው ጓዳ ውስጥ ቅቤ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ነው። ኢብራሂም የሟች ባሏ የጀማል ታናሽ ወንድም ነው። በሶላትም በጾምም የሚታማ አይደለም። ልጇ ሀምዛ ከታሰረ ጀምሮ በየጠዋቱ ይመጣል፤ መጥቶ ግን የሚያደርገው ሳሎኗ ውስጥ ያለውን ደህናውን ወንበር ይዞ በስልክ ማውራት ነው። ይህንንም «ስለ ልጁ እየሮጥኩ ነው» ይለዋል። ሀዋ ሻይ ታቀርባለች፣ እሱ ይጠጣል፣ አይተያዩም። ዛሬ ግን ሻዩን አስቀምጣ አልተመለሰችም፤ ከፊቱ ቆመች። «ማነው የማይሰማው?» አለችው። ኢብራሂም ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ «የተገጩት ሽማግሌ ልጆች ናቸዋ። ማቴዎስ ካልማለ ምስክር አይባልም ብለዋል፤ እሱ ደግሞ አልምልም ብሏል። በቃ» አለና ወደ ወሬው ተመለሰ።

ሀምዛ ያጠፋው ጥፋት ቢኖር መቆሙ ነው። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ታርጋ የሌለው ሞተር ብስክሌት አቶ ወልደሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ ገጭቶ ሲያመልጥ፣ ከኋላ ይመጣ የነበረው ሀምዛ ባጃጁን አቁሞ ወረደ። በመንገዱ ዳር ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ የነበረው ነርሱ ማቴዎስም ዳቦውን ጥሎ፣ ሸሚዙን አውልቆ የሽማግሌውን ራስ አሰረ። ሁለቱ ተሸክመው ባጃጁ ላይ ጫኗቸውና ሆስፒታል አደረሷቸው። ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን አረፉ። ሞተሩን ያየ ሌላ ሰው አልተገኘም፤ ደም የነካው ባጃጅ ግን በሰው ሁሉ ዓይን ፊት ቆሞ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሚስማርና ቀለም የሚሸጠው ፍሬው፣ በጸሎት ቤቱ መዘምራንን የሚመራ የተከበረ ሰው፣ «ባጃጁ ሲገጫቸው በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ። ማቴዎስ «ሞተር ነው» አለ። ፖሊስም «አንድ ለአንድ ነው፣ ምርመራው ይቀጥላል» ብሎ ሀምዛን አቆየው።

የሟች ልጆች ነገሩን ለሽማግሌ ሰጡ። ሽማግሌዎቹ «ገጪው ሀምዛ አይደለም» ካሉ ነገ ጠዋት ጣቢያ ሄደው «በዚህ ልጅ ላይ ክስ የለንም» ሊሉ ቃል ገብተዋል። «እሱ ነው» ካሉ ግን ሀምዛ በዋስ ቢወጣ እንኳ ሆሳዕና ከተማ መኖሩ አበቃ። ደም ያለበት ሰው ከሟች ወገን ጋር በአንድ ገበያ አይገበይም፣ በአንድ መንገድ አይሄድም። ሀዋ ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሻርፗን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ኢብራሂም የት እንደምትሄድ አልጠየቃትም።

ማቴዎስን ካነጋገረችው አራት ዓመት ሊሞላ ነው። በመንገድ ሲያልፍ ፊቷን ታዞራለች፣ ስሙ ሲነሳ «ያ ከሀዲ» ትላለች። ከተማውም ከዚህ የተሻለ ስም አላወጣለትም። የካቶሊክ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ቅዳሴ ያገለግል ነበር ይባላል። አንድ ቀን መሄድ አቆመ፤ ለምን ሲሉት «አላምንም» አለ። ሰዉ ይቅር ያላለው መቅረቱን ሳይሆን ይህችን ቃል ነው። ሳያምን የሚሄድማ ሞልቷል፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። ማቴዎስ ግን አፉን ከፍቶ ተናገረው። ከዚያ በኋላ ሌሊት ተጠርቶ ቁስል ሲያጥብ «እጁ ደህና ነው፣ ነፍሱ ናት የጠፋችው» ይሉታል፤ አጥቦ ሲሄድ ደግሞ ይህችኑ ቃል ከበር ላይ ይደግሟታል።

በሀዋና በእሱ መካከል ያለው ግን የቅቤ ነገር ነው። የዛሬ አራት ዓመት፣ የቅቤ ዋጋ እንደዛሬው ሺህ ብር ሳይረግጥ፣ ሀዋ ከጊምቢቹ በሚመጣላት ቅቤ ውስጥ ሙዝ ትለውስ ነበር። በደንብ የተለወሰ እንደሆነ አይታወቅም፤ ጉዱ የሚወጣው ሲነጠር ነው። ማቴዎስ ለታመመች እናቱ ገዝቶ አነጠረው፤ ከታች የቀረውን ጥቁር ዝቃጭ በብርጭቆ ይዞ ቅቤ ተራ መጣ። መጀመሪያ በጆሮዋ ነገራት። ጮኸችበት። እሱም ጮኸ። በገበያው ሽማግሌ በአቶ ቲቶ ፊት ቀረቡ። ሀዋ ውዱእ አድርጋ ታጥባ፣ እጇን ቁርኣን ላይ ጭና «ከገበሬው እጅ እንደመጣ ነው፣ ምንም አልጨመርኩም፣ ወላሂ» አለች። እሱን ማል ሲሉት «አልምልም፤ ያየሁትን አሳይቻችኋለሁ» አለ። ተፈረደበት። ስም አጥፊ ተብሎ ቅቤ ተራ ድርሽ እንዳይል ተከለከለ። ሀዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ሙዝ ነክታ አታውቅም። ፈርታ ይሁን አፍራ ራሷም አታውቀውም፤ ብቻ አልነካችም። ያ መሐላ የውሸት መሆኑን የሚያውቁት ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ ፈጣሪዋና ማቴዎስ። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ሌላኛው መኖሩን አያምንም።

ማቴዎስ የሚኖረው ከእናቱ በወረሳት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በሩን ከፍቶ ሲያያት አልተገረመም፤ ግቢም አላላትም፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ እንጂ። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ ንጽሕናው ራሱ ያናድዳል። አንድ አልጋ፣ ሁለት ዱካ፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ጋዋን። ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል ተሰቅሏል። ሀዋ ሥዕሉን አይታ አላስቻላትም። «አላምንም ትላለህ፣ ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?» አለችው። «የእናቴ ነው» አለ። ዱካውን በእግሩ ገፋ አደረገላት፤ አልተቀመጠችም። ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩንባ እያሰማ አለፈ፤ ሁለቱም የሀምዛን ባጃጅ አሰቡ።

«እጅህን መጽሐፍ ላይ ብታደርግ ይቃጠላል?» አለች በመጨረሻ።

«አይቃጠልም።»

«ታዲያ?»

«የማላምንበትን ይዤ ስምል የመጀመሪያዋ ቃሌ ውሸት ሆነች ማለት ነው። ሌላውን እንዴት ብለው ይመኑኝ?»

«ልጄ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው! አንተ ስለራስህ ንጽሕና ታወራልኛለህ። ለአንድ ደቂቃ ብትጎነበስ ምን ትሆናለህ? እግዜርም የለም ትላለህ፣ ማን ይቆጣሃል?»

ይህ እንደጠዘጠዘው አየች፤ ደስ አላት። ማቴዎስ ጋዋኑን ከገመዱ አውርዶ ማጣጠፍ ጀመረ፣ አጣጥፎ ሲጨርስ እንደገና ዘረጋው። «መሐላ ለምን እንደሚጠቅም አንቺ በደንብ ታውቂዋለሽ» አለ ቀና ሳይል። «ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ፤ አሁን ውጪልኝ።» ሀዋ ወጣች። በመንገዱ ላይ የምታውቀውን እርግማን ሁሉ አወረደችበት፤ ከሁሉ ያቃጠላት ግን የተናገረው እውነት መሆኑ ነው።

እስከ ስምንት ሰዓት የት ትሁን? ገበያ ወጣች። የኮባ ጥቅሎቿን ደረደረች፣ ለለመደችው ሰው ሁሉ የለመደችውን አለች። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ቤቴል መጥታ ለክትፎ ሁለት ኪሎ ወሰደች። ቤቴል ሌላ ሻጭ አታውቅም፤ «የሀዋን ቅቤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገዛው» ትላለች። ዛሬም ይህንኑ አለች፤ ስለ ሀምዛም «እንጸልያለን» አለችና ሄደች። ሀዋ አጠገብ ያሉት ሻጮች ስለ ምስክሩ ሲያወሩ ሰማች። አንዷ «ሃይማኖት የሌለው ሰው እኮ ከአውሬ አይሻልም» ትላለች። ሀዋም በሌላ ቀን ቢሆን ይህንኑ ትል ነበር። ዛሬ ግን አንገቷን ደፍታ ጥቅሎቿን ነካካች፤ ሻጮቹ ስለ ልጇ ማዘኗ መሰላቸው።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በፈትሁዲን ወፍጮ ቤት ግቢ ነው፤ የሟችም የታሳሪም ወገን ያልሆነ ቦታ ሌላ አልተገኘም። ፈትሁዲን «ለአንድ ሰዓት ብቻ» ብሎ እያጉረመረመ ወፍጮውን አቆመ። በቆሎና ጤፍ የያዙ ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ወፍጮው ስለቆመ የሚሰሙት ሌላ የለም፣ ሽማግሌዎቹን ይሰማሉ። ሽማግሌዎቹ ሳንቃ ላይ፣ አቶ ቲቶ በፕላስቲክ ወንበር ላይ። ከፊታቸው ዱቄት የለበሰች ጠረጴዛ አለች፤ በላይዋ ሁለት መጻሕፍት፣ አንዱ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ። ቤቴልም የሽሮ እህሏን ይዛ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። የሟች ልጆች ጥቁር ለብሰው በአንድ ወገን፣ ሀዋና ኢብራሂም በሌላ ወገን። ሰላምታ አልነበረም።

ፍሬው ተነሣ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በሁለት እጁ ይዞ ያንኑ ደገመ። ድምፁ ያምራል፤ ሲናገርም እንደሚዘምር ነው። ሴቶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ከዚያ ማቴዎስ ተጠራ። አቶ ቲቶ ሁለቱን መጻሕፍት በጣታቸው አሳዩትና «ሁለቱም አሉልህ፣ የፈለግኸውን ምረጥ» አሉት። ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። ማቴዎስ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ያየውን ተናገረ፤ ሞተሩ ቀይ እንደነበር፣ ታርጋ እንዳልነበረው፣ ሽማግሌው ሲወድቁ ባጃጁ ገና መታጠፊያው ላይ እንደነበር፣ ሀምዛ ሲያነሣቸው «አባቴ አይዞት» ይል እንደነበር። አንድም ቃል አላሳመረም። የሟች ትልቁ ልጅ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አንተ ማንን ትፈራለህና ነው የምናምንህ?» አለው።

«ማንንም» አለ ማቴዎስ። «የምፈራው ሰው ቢኖር እናንተ የምትፈልጉትን እነግራችሁ ነበር።»

ግቢው በአንዴ ተንጫጫ። አቶ ቲቶ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። «ይህን ሰው ዛሬ አይደለም የማውቀው» አሉ። «ከአራት ዓመት በፊትም በእኔ ፊት ቀርቦ የዚህችን ሴት ስም አጥፍቷል። ያኔም አልምልም ብሏል፤ እሷ ግን ቁርኣን ይዛ ማለች። ይኸው፣ ሀዋ ራሷ ምስክር ናት። የልጇን ጉዳይ የያዘላት ቢሆንም እንኳ የዚህ ሰው ቃል ምን ያህል እንደሚታመን እሷ ታውቃለች። አይደለም እንዴ?» ብለው ወደ እሷ ዞሩ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ማቴዎስ ብቻ አልዞረም። ጫማውን እያየ ቆሟል። ዛሬም «ውሸታም ናት» ብሎ ሊጮህ ይችል ነበር፤ ሁለተኛ ግን ስለ ቅቤ ማንንም የሚለምን አይመስልም። ሀዋ ሲሚንቶ ላይ የተኛውን ልጇን አሰበች፣ ጆንያ ላይ የተቀመጡትን ደንበኞቿን አየች፣ ቤቴልንም አየች። ተነሣች። ኢብራሂም የቀሚሷን ጫፍ ያዛት፤ ነጥቃ አስለቀቀችው።

«አልዋሸም» አለች። «ቅቤው ውስጥ ሙዝ ነበረበት። የለወስኩት እኔ ነኝ።»

አንዲት ሴት «ወይኔ!» ስትል ተሰማ። አቶ ቲቶ ወንበራቸው ላይ ወደፊት ሳብ አሉ። «ማልሽ እኮ! እዚህ እጅሽን ጭነሽ!»

«ማልኩ። ታጥቤ ነው የማልኩት። የማልኩት እኔ ዋሸሁ፣ ያልማለው እሱ እውነት ተናገረ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ያልዋሸ ሰው በሰው ደም አይዋሽም። እጠላዋለሁ፤ ዛሬም እጠላዋለሁ። ግን አይዋሽም።»

«አስተግፊሩላህ» አለ ኢብራሂም፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ያን ፍርድ የፈረዱት አቶ ቲቶ ናቸው፤ ንዴታቸውን በማን ላይ እንደሚያወርዱት የጠፋቸው ይመስላሉ። ከዚያ የለመዱት ነገር መጣላቸው፤ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ወደ እሷ ገፉት። «ልጅሽን ለማዳን ብለሽ ቢሆንስ? ያኔ በውሸት መማልሽን አሁን ማዪና አረጋግጪ» አሏት። ከሽማግሌዎቹ ማንም አልሳቀም፤ ትክክል መስሏቸዋል። ሀዋ እጇ ከልማድ ብድግ ሲል ራሷ አየችው። መልሳ ሰበሰበችው። «አልምልም» አለች። «እዚህ ግቢ ውስጥ ዛሬ መማል ምን ሠራ? መጻሕፍቱን አንሡና ፍሬውን እንዲሁ ጠይቁት።»

አቶ ቲቶ ሁለቱንም መጻሕፍት አንሥተው ለፈትሁዲን ሰጡት፤ እሱም የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ። ጠረጴዛዋ ባዶ ስትሆን መጻሕፍቱ የነበሩበት ቦታ ዱቄት ሳይነካው ጠቁሮ ታየ። «ፍሬው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ «እንዲሁ በአፍህ ንገረን። ሲገጫቸው አየህ?»

ፍሬው ተነሣ። እጆቹ የሚይዙት አጡ፤ ኪሱ ከተታቸው፣ አወጣቸው። «ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ባጃጁ ቆሟል፣ ሰውዬው መሬት ላይ ናቸው። እሱ ካልገጫቸው ማን ይገጫቸዋል?»

«ሲገጫቸው አየህ ወይ?»

«እግዚአብሔር እውነቱን ስላሳየኝ ነው…»

«ፍሬው። አየህ?»

«ስወጣ ወድቀዋል» አለ ፍሬው። ያ የሚያምረው ድምፁ አልነበረም።

ክፉ ሰው አይደለም ፍሬው። ያመነውን ነገር ያየው መስሎታል፤ አንዴ ከማለ በኋላ ደግሞ ማን ይመለሳል? ሀዋ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ እያወቀችውም ልታንቀው ፈለገች። የሟች ትልቁ ልጅ ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ አሥራ ሁለት ቀን ሲጠላው የኖረውን ልጅ በድንገት ተነጥቆ፣ ምትኩ ስም የሌለው ሞተር ሆነበት። «ነገ ጠዋት ጣቢያ እንሄዳለን» አለ ለአቶ ቲቶ። ሀዋን አላያትም። ፈትሁዲን መጻሕፍቱን ለሽማግሌው መልሶ ወፍጮውን አስነሣ፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን ማንም አልሰማም።

ማቴዎስን ከግቢው ውጭ ሮጣ ደረሰችበት። «አፉ በለኝ» አለችው። ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። «እናቴ ስም አጥፊ ልጅ ወለድኩ እያለች ነው የሞተችው» አለ። «ያን ጊዜ ብትናገሪው ትሰማው ነበር።» መንገዱን ቀጠለ። ሀዋ ከኋላው ቆማ «አንተስ? አንዲት የመሐላ ቃል ብትጨምር ልጄ አሥራ ሁለት ቀን ይታሰር ነበር?» ልትል አሰበች። አላለችውም። ሁለቱም ነገሮች እውነት ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አልቀነሰላትም።

ቤት ስትደርስ ኢብራሂም ቀድሟት ነበር፣ ቆሞ ጠበቃት። «ለልጅሽ ብለሽ በካፊር ፊት ዲናችንን አዋረድሽ» አላት። «ዝም ብትይ አላህ ራሱ ያወጣው ነበር።»

«አንተ ዝም ብለህ ነበር እኮ» አለችው። «አላየሁትም ሲያወጣው።»

በሩን ወርውሮት ሄደ። ደህናው ወንበር ባዶውን ቀረ። ሀዋ ሄዳ ተቀመጠችበት፣ ጫማዋን አወለቀች። ነገ ሀምዛ ሲመጣ ምን እንደሚበላ አሰበች፤ ደስታዋ ግን ሙሉ ሆኖ አልመጣላትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ላይ ኮሽታ ሰማች። ስትወጣ ሰው የለም፤ ደፉ ላይ በኮባ የተጠቀለለ አንድ ኪሎ ቅቤ ተቀምጧል። የራሷ አጠቃለል ነው፣ ቋጠሮውን አወቀችው። ወዲያው አንድ ልጅ እናቱ የላከችውን ሌላ ጥቅል አስቀምጦ ሮጠ። ሁለት ጎረቤቶች ራሳቸው ይዘው መጡ፤ ብር መልሺ እንኳ አላሉም። ያ የተለወሰው ቅቤ ከተበላ አራት ዓመት አልፎታል። ይህ እየተመለሰ ያለው ከጊምቢቹ ሴቶች እጅ ወጥቶ እሷ ከኮባ በቀር ምንም ያልጨመረችበት ነው።

በመጨረሻ ቤቴል መጣች። ሁለት ኪሎዋን ደረቷ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አትሳደብም፣ ጨዋ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል። «ደንበኞቼን ስንት ዓመት ሙዝ እንዳበላሁ አላውቅም» አለች። «ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው የለበትም።»

«በምን አውቃለሁ?»

ሀዋ አፏን ከፈተች። «ወላሂ» የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሳ ነበር፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ከአፏ ሳትለይ የኖረች ቃል። ዋጠቻት። እጇንም ወደ ሰማይ አላነሣችም፤ የሀምዛን ስም አልጠራችም፣ የባሏን መቃብር አልጠራችም።

«ንጹህ ነው» አለች።

ቤቴል የሚከተለውን መሐላ ጠበቀች። አልመጣም። ከዚያ ጎንበስ አለችና ቅቤውን ደፉ ላይ፣ ከሌሎቹ አጠገብ አስቀመጠችው።